አልበሙ በቅደም ተከተሉ እንዲጫወት

ከኮምፒውተር ወደ ኤምፒስሪ ማጫወቻ የጫናችሁት አልበም ተዘበራርቆ ይጫወትባችኋል? ሰባተኛው ዘፈን መጀመሪያ፣ አንደኛው መሃል ላይ? ማጫወቻው አልተበላሸም።

ብዙዎቹ ቀለል ያሉ ማጫወቻዎች ፋይሎችን በስም አይደረድሩም። ቀድሞ የተገለበጠውን ቀድመው ያጫውታሉ። ሜሞሪያቸው ፋይሎችን የሚያስቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ ፋት32 በሚባል አሠራር ነው፤ እሱ ደግሞ የፋይሎቹን ስም የሚመዘግበው እንደ አገባባቸው ነው። ማጫወቻው ያንን መዝገብ ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ በቃ።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ዘፈኖቹን 01፣ 02፣ 03 እያላችሁ ሰይሟቸው። ዜሮዋን አትርሱ፤ በስም የሚደረድር ማጫወቻ ከገጠማችሁ ያለሷ 10 ከ2 ሊቀድም ይችላል። ከዚያ ማጫወቻው ላይ አዲስ ፎልደር ክፈቱና ሁሉንም መርጣችሁ ጎትቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ ላይ ስትጎትቱ ማውሱ 01 ላይ ይሁን። 07ን ይዛችሁ ከጎተታችሁ ቀድሞ የሚገለበጠው 07 ነው።

በኋላ አንዱን ዘፈን አጥፍታችሁ ሌላ ብትጨምሩ፣ አዲሱ የጠፋው ቦታ ላይ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ፎልደሩን እንዳለ አጥፍቶ እንደገና መገልበጥ ይሻላል። ብቻ ኮምፒውተሩ ላይ ቅጂው መኖሩን አደራ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

አይፖድ ላይ ግን አትልፉ። የራሱ የዘፈኖች መዝገብ (ዳታቤዝ) ስላለው እንዲሁ ተጎትቶ የገባ ዘፈን አያጫውትም።