የሽሪምፕ ኩሬን አሞኒያ በዩካ ተዋጽኦ ስለመቀነስ

ሽሪምፕ ለምታረቡ፦ በኩሬያችሁ ውኃ ውስጥ አሞኒያ (ከእዳሪና ከትራፊ መኖ የሚመነጭ መርዛማ ውህድ) እየጨመረ ካስቸገራችሁ፣ ውኃውን ደጋግሞ ከመቀየር በተጨማሪ የዩካ ተክል ተዋጽኦን ከመኖው ጋር መቀላቀልን ብታስቡበት መልካም ነው። በአሜሪካ ሞሃቪ በረሃ የሚበቅለው ይህ ተክል ሳፖኒን የተባሉ አረፋ የሚያወጡ ውህዶች ያሉት ሲሆን፣ ተዋጽኦው አሞኒያን ይዞ እንደሚያስቀርና ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚለውጠውን ዩሬዝ የተባለ ኢንዛይም እንደሚያዳክም ይነገርለታል።

የሳፖኒኑ ክምችት ከምርት ምርት ስለሚለያይ መጠኑን ከማሸጊያው ላይ አንብቡ። ተዋጽኦውን በጥቂት ውኃ በጥብጣችሁ በመኖው ላይ ከረጫችሁ በኋላ በስሱ የዓሣ ዘይት ቀብታችሁ በጥላ ብታደርቁት፣ ሽሪምፕ ቀስ ብሎ የሚመገብ እንስሳ ስለሆነ፣ ከመበላቱ በፊት ታጥቦ የሚጠፋው ይቀንሳል።

ዓሣና ሽሪምፕን በአንድ ኩሬ የምታረቡ ግን ተጠንቀቁ፤ ሳፖኒን የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል። ሳፖኒን ያለው የሻይ ፍሬ ፋጉሎ በሽሪምፕ ኩሬዎች ውስጥ የማይፈለጉ ዓሦችን ለማጥፋት የሚያገለግለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከፕሮቲን ክብደት 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን በመሆኑና ይህም መኖው ሲበሰብስ ወደ አሞኒያ ስለሚለወጥ፣ ሳይበላ የሚተርፈውን መኖ ካልቀነሳችሁ፣ በእኔ አመለካከት፣ ተዋጽኦውን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለውጡን ስትለኩም አሞኒያውንና ፒኤቹን (የውኃውን የአሲድነት ወይም የአልካላይነት መለኪያ) አብራችሁ፣ በተለይ ፒኤች ከፍ በሚልበት ከሰዓት በኋላ ለኩ፤ ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ የአሞኒያው መርዛማ ክፍል ወደ 10 እጥፍ ገደማ ያድጋልና።