ከውጭ አገር ክላሲክ ቅንጡ መኪና ሲገዙ የሚገጥሙ ችግሮች፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሠላሳና አርባ ዓመት ያስቆጠረ ቅንጡ መኪና ብዙ ጊዜ ከአዲስ ተራ መኪና ባነሰ ዋጋ ይገኛል። መግዣው ይርከስ እንጂ የመለዋወጫውና የጥገናው ወጪ ያኔ አዲስ ሳለ በነበረበት ደረጃ ነው የሚቆየው። ከሩቅ አገር ሲገዛ ደግሞ ገዢው ሳይነካው፣ ድምፁን ሳይሰማ ገንዘብ ይልካል። ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ምልክቶች አብዛኞቹ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ሊታዩ የሚችሉ ናቸው። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ ላሜራው፣ ሞተሩ ከዚያ በኋላ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋጋው ከገበያው በጣም ወርዷል፤ ሻጩም ያጣድፋል

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው መኪናው ጭራሹን የለም፤ ፎቶዎቹ ከሌላ ማስታወቂያ የተወሰዱ ናቸው። ሁለተኛው መኪናው አለ፣ ግን በአደጋ ወይም በጎርፍ ምክንያት በኢንሹራንስ ድርጅት ከጥቅም ውጪ ተብሎ ተመዝግቧል።

ሻጩን ሳይቆራረጥ የተቀረጸ አንድ ቪዲዮ ይጠይቁ። የዕለቱ ቀን በእጅ የተጻፈበት ወረቀት፣ የሻንሲው ቁጥር፣ የኪሎሜትር ቆጣሪውና የቀዘቀዘው ሞተር ሲነሳ በተከታታይ ይታዩ። ይህን የሚያንገራግር ሻጭ ጋር ጊዜ አያጥፉ። ገንዘቡን በሦስተኛ ወገን ማስያዝ ጥሩ ነው፤ ሦስተኛውን ወገን ሻጩ ከመረጠው ግን ድርጅቱም ድረ ገጹም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ክፍያ ሊፈጸም ሲል «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከመጣ ከዚያው ኢሜይል ላይ ባለው ስልክ አይደውሉ። ቀደም ሲል በሚያውቁት ቁጥር ደውለው በቃል ያረጋግጡ። የሒሳቡ ስም በመኪናው ወረቀት ላይ ካለው ባለቤት ወይም ከሚሸጠው ድርጅት ስም ጋር አንድ መሆን አለበት።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና ብረቱ ላይ ያለው አይገጥሙም

አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ያለው ወጥ የሻንሲ ቁጥር በአሜሪካ ግዴታ የሆነው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን አጭር ቁጥር ይጠቀም ስለነበር የአንድ አኃዝ ግድፈት ሳይታወቅ ከአገር አገር ይተላለፋል። እንዲህ ያለው የጽሕፈት ስህተት ይታረማል፤ እርማቱን ግን ሻጩ በአገሩ ያሠራው፣ ያውም መኪናው ከመጫኑ በፊት።

የሚያሳስበው ሌላው ዓይነት ነው። ቁጥሩ የተለጠፈበት ሳህን አዲስ ሪቬት ካለው፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ዙሪያ የሞረድ ምልክት ወይም ከሌላው የሚለይ ቀለም ከታየ መኪናው የተሰረቀ ወይም ከሁለት መኪና የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል። የሳህኑም፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸውም ቁጥር በቅርበት ፎቶ ይነሱ። የሞተሩንም ቁጥር አይርሱ። ለመርሴዲስ ከፋብሪካ ሲወጣ የተዘጋጀው የመረጃ ካርድ፣ ለጃጓር ደግሞ የቅርስ የምስክር ወረቀት መኪናው በምን ሞተርና በምን ቀለም እንደተሠራ ስለሚያሳዩ ማነጻጸሪያ ይሆናሉ።

የወረቀቱም ዓይነት እንደ አገሩ ይለያያል። የእንግሊዝ የምዝገባ ደብተር የሚያሳየው መኪናው በማን ስም እንደተመዘገበ ነው እንጂ ሕጋዊ ባለቤትነትን አይደለም፤ ስለዚህ የሽያጭ ውልና መኪናው ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ማጣሪያ ይጨመርበት። ከአሜሪካ ሲገዛ የባለቤትነት ወረቀቱ ዋናው ቅጂ ይጠየቅ፤ የሽያጭ ደረሰኝ ብቻውን አይበቃም። ከጃፓን ሲሆን ምዝገባው ተሰርዞ የተሰጠ የኤክስፖርት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ከጀርመን ደግሞ የምዝገባ ሰነዱ ሁለተኛ ክፍል።

ወረቀቱ ሙሉ ነው፤ ጉምሩክ ግን አላስገባም አለ

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የዕድሜ፣ የመሪ አቅጣጫ ወይም የቁሳቁስ ሕግ ነው። አሜሪካ ለገበያዋ ያልተሠራን መኪና ከ25 ዓመት በኋላ፣ ካናዳ ከ15 ዓመት በኋላ በቀላሉ ያስገባሉ። ያረጀ መኪና ጭራሹን የሚከለክሉ፣ ቀኝ መሪ የማይቀበሉም አገሮች አሉ። አውስትራሊያ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ አስቤስቶስ (ለጤና አደገኛ የሆነ ቃጫ መሰል ማዕድን) ያለበትን ዕቃ አታስገባም፤ የድሮ የፍሬን ሸራና ጓርኒሲዮን ደግሞ አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ተቀይረው በምርመራ ካልተረጋገጠ መኪናው ወደብ ላይ ይያዛል። መፍትሄው አንድ ነው፦ የሻንሲውን ቁጥርና የተሠራበትን ዓመት ጠቅሰው ለጉምሩክ ይጻፉ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። በስልክ የተሰጠ ፈቃድ ወደብ ላይ አይሠራም። ቀኝ መሪን ወደ ግራ ማስቀየር ግን አይመከርም፤ በቅንጡ መኪና ላይ ሥራው ዳሽቦርዱንና የፍሬኑን ሲስተም ሁሉ ይነካል።

ቆጣሪው 48,000 ይላል፤ ወንበሩ ግን አርጅቷል

የብዙዎቹ የድሮ መኪኖች ቆጣሪ አምስት አኃዝ ብቻ ነው ያለው፤ 99,999 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ 48,000 የተባለው 148,000 ሊሆን ይችላል፤ ማንም ሳይነካው። በማይል ይሁን በኪሎሜትርም ይጠይቁ። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ፣ የሾፌሩ ወንበር የውጭ ጠርዝና የመሪው ቆዳ ከቆጣሪው ይልቅ ሊታመኑ ይችላሉ። የእንግሊዝ መኪና ከሆነ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራው የተመዘገበበትን ኪሎሜትር ከ2005 ጀምሮ ያለውን በኢንተርኔት ማየት ይቻላል።

ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ በሩ ሥር ግን ትንንሽ እብጠት አለ

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚበላው ይህ ነው። ዝገት ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው፤ ቀለሙ ላይ የአንድ ሳንቲም ስፋት ያለው እብጠት ሲታይ ከጀርባው መዳፍ የሚያህል ላሜራ ጠፍቷል ብሎ ማሰብ ይሻላል። በላዩ ስቱኮ ተለጥፎ ቀለም ከተቀባ በፎቶ አይታወቅም።

በእርስዎ ምትክ መኪናውን እንዲያይ የሚልኩት መርማሪ የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ ይሂድ። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ነው። ከ200 እስከ 400 የሆነ ቦታ እንደገና ተቀብቷል፤ ይህ ብቻውን ነውር አይደለም። ከ500 ካለፈ ስቱኮ አለ፣ ከ1,000 በላይ ከሆነ ደግሞ ላሜራው ተጎድቶ ተሸፍኗል። ማግኔት ብቻ ይዞ የሚሄድ መርማሪ ይሳሳታል፦ የሮልስ ሮይስ ሲልቨር ሻዶው በሮች፣ ኮፈንና የኋላ የዕቃ መጫኛ ክዳን አሉሚኒየም ስለሆኑ ማግኔት ድሮም አይይዛቸውም። መለኪያው አሉሚኒየምም የሚለካ መሆን አለበት።

እያንዳንዱ ሞዴል የራሱ ደካማ ቦታ አለው። በመርሴዲስ ደብልዩ 126 (በ1980ዎቹ ትልቁ የመርሴዲስ ሞዴል) የኋላው መስታወት የታችኛው ማዕዘንና ክሪክ የሚገባባቸው ቦታዎች ይታዩ። በአር 107 ስፖርት መርሴዲስ ደግሞ ሞተሩንና ሳሎኑን የሚለየው ግድግዳ፣ የአየር ማስገቢያው ሥር፤ እዚያ ከበሰበሰ የዝናብ ውሃ ወደ እግር ማሳረፊያው ይገባል፣ ለመጠገንም ዳሽቦርዱ ይፈታል። በጃጓር ኤክስጄ የፊት መብራቶቹ አናት፣ የበሩ ደፍና የኋላ እግር ክንዶች የሚታሰሩበት ቦታ።

ሥሩ በሙሉ አዲስ ጥቁር ቅብ ተቀብቶ ከቀረበ ይጠርጥሩ፤ ንጹሕ ላሜራ መሸፈን አያስፈልገውም። መኪናው በማንሻ ላይ ወጥቶ፣ ምንጣፉም ተገልጦ ፎቶ ይነሳ። የጃፓን ጨረታ ወረቀት (የመኪናው ሁኔታ ለጨረታ ሲቀርብ የተመዘገበበት) ካለ የመኪናው ሥዕል ላይ የተጻፉትን ምልክቶች ያንብቡ፦ የ«ኤስ» ምልክት ዝገት፣ «ሲ» የከፋ ዝገት፣ «ደብልዩ» የተጠገነ ላሜራ ነው፤ ደረጃው ላይ «አር» ካለ የአደጋ ጥገና አለው።

ፓራፋንጎና በር ይቀየራሉ። ደፍ፣ የወለል ተሸካሚና የእግር ማሰሪያ ቦታ የበሰበሰበትን ግን ይተዉት። ዋጋው በግማሽ ቢቀነስም ብየዳውና ቀለሙ ልዩነቱን በልቶ ይጨርሰዋል። ሞተሩ የደከመ፣ ላሜራው ጤነኛ የሆነ መኪና ሁልጊዜ ከዚህ ይሻላል።

ሞተሩ ይጨሳል፣ ይሞቃል ወይም ያንኳኳል

መርማሪው መጀመሪያ ሞተሩን በእጁ ይንካ። ከመድረሱ በፊት ተነስቶ ሞቆ ከጠበቀው ሻጩ የሚደብቀው የጠዋት ድምፅ አለ ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ይመለስ።

ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚታይ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ ሳያስፈራ ይጠገናል። ነዳጅ ሲሰጠው የሚብስ ሰማያዊ ጭስ የፒስተን ፋሻ ነው፤ ሞተር መፍታት ይጠይቃል። ሞቆም የማያቆም ነጭ ጭስ ከራዲያተር ውሃ መቀነስ ጋር ከመጣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የመጭመቅ ግፊት) የሚለካው በሞቀ ሞተር፣ ሁሉም ካንዴላ ተፈትቶ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ወለል ተረግጦ ነው። በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 እስከ 15 በመቶ የበለጠ ልዩነት ካለ ምክንያቱ ሳይታወቅ አይከፈል።

ከ1981 እስከ 1983 ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ባለ 3.8 ሊትር ስምንት ሲሊንደር መርሴዲሶች የታይሚንግ ሰንሰለታቸው ነጠላ ረድፍ ነው፤ ሲበጠስ ቫልቮቹን ይዞ ይሄዳል። ወደ ድርብ ረድፍ ስለመቀየሩ ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ከሌለ የሥራውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ያስቀንሱ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ የተሠሩ መርሴዲሶች ላይ ደግሞ የሞተሩ ገመድ ልባስ በሙቀት ይፈረፈራል። ሞተሩ ያለ ምክንያት ሲቆራረጥ ከኮምፒውተሩ በፊት ገመዱ ይታይ።

ቀዝቃዛ ሲሆን በአንዴ ይነሳል፣ ሞቆ ከቆመ በኋላ ግን ሞተሪኖው እየዞረ እምቢ ይላል? ኬ-ጄትሮኒክ በሚባለው የነዳጅ ሲስተም ላይ ይህ የታወቀ ምልክት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ መስመሩ ውስጥ መቆየት ያለበት ግፊት ወርዶ ነዳጁ በሙቀት ይተናል። የፓምፑ መመለሻ ቫልቭና የግፊት ማጠራቀሚያው በጌጅ ይለኩ፤ ብዙ ሰው ሳይለካ ውዱን የነዳጅ ማከፋፈያ ይቀይራል።

ሲልቨር ሻዶው ላይ የፍሬን መብራቶች አይጠፉም

ከ1965 እስከ 1980 የተሠራው ሲልቨር ሻዶው ፍሬኑ የሚሠራው ሞተሩ በሚያዞራቸው ፓምፖችና በናይትሮጅን በተሞሉ የግፊት ማጠራቀሚያዎች ነው። ሞተሩን አንስተው ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራቶች እስኪጠፉ ይጠብቁ፤ ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን እንደገና ይክፈቱና ፔዳሉን እየቆጠሩ ይርገጡ። ከአሥር ባነሰ ጊዜ መብራት ከበራ ማጠራቀሚያው ጋዙን ጨርሷል ወይም ቫልቩ ያፈሳል፤ ይፈታል፣ በአዲስ ጎሚኒ ይታደሳል፣ ናይትሮጅን ይሞላል።

የከፋው ስህተት ዘይቱ ላይ ነው። ሻዶው የሚጠቀመው አር አር 363 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ነው። ከ1980 ወዲህ የመጣው ሲልቨር ስፒሪት ግን አረንጓዴ ማዕድናዊ ዘይት ነው የሚጠቀመው። አንዱ በሌላው ቦታ ከተጨመረ በሲስተሙ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ሁሉ ይበላሻል። የትኛው እንደተሞላ ማስረጃ ከሌለ መኪናውን የሚነዳ አይኑር።

ጤነኛ ተጭኖ ተጎድቶ ደረሰ

ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 5.9 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ በሩ 2.34 ሜትር ገደማ ይሰፋል። አጭሩ መርሴዲስ 600 5.54 ሜትር ስለሆነ ለማሰሪያ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው፤ ፑልማን የሚባለው 6.24 ሜትሩ ደግሞ አይገባም፣ ባለ 40 ጫማ ይፈልጋል። እየተነዳ የሚጫንበት ሮሮ መርከብ ይረክሳል፤ መኪናው ግን በራሱ መነሳት፣ መዞርና መቆም አለበት፣ ብዙ እጅም ይነካዋል።

ማሰሪያው ጎማው ላይ ይሁን፤ በእግሩ ክንድ ወይም በፓራውልት ላይ የታሰረ መኪና በባሕር ላይ ሲወዛወዝ ይጣመማል። ነዳጁ ሩብ ታንክ አይለፍ፣ ባትሪው ይነቀል። መድኑ «ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ብቻ» የሚል ከሆነ የተጨራመተ በር አይከፍልም፤ ሁሉንም አደጋ የሚሸፍን፣ አስቀድሞ በተስማሙበት ዋጋ የተጻፈ ይግዙ። መርከብን ከአደጋ ለማዳን ጭነት ቢጣል ኪሳራውን የጭነት ባለቤቶች ሁሉ ይጋራሉ፤ መድን የሌለው ድርሻውን እስኪያስይዝ መኪናው አይለቀቅለትም። ሲረከቡ ጉዳቱን ከመፈረምዎ በፊት በርክክብ ሰነዱ ላይ ያስጽፉ።

ደረሰ፤ ግን አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል

ወዲያው አያስነሱት። ነዳጁ እንደ ቫርኒሽ ከሸተተ ይቀዳ፣ ፊልትሮው ይቀየር። የሞተር ዘይቱን ይቀይሩ፤ የኢግኒሽን ኮይሉን ነቅለው የዘይት ግፊት እስኪመጣ ሞተሪኖውን በአጭር በአጭሩ ያዙሩ፣ ከዚያ ያስነሱ።

መጎተቱና የአንድ ጎማ መጋል በአብዛኛው የፍሬን የጎማ ቱቦ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን ስለማይመልስ ነው፤ የአንዱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ቱቦ ይቀይሩ፣ ዘይቱንም። ናፍጣው መርሴዲስ ደብልዩ 123 ቁልፉ ተነቅሎም ሞተሩ ካልጠፋ የሚያጠፋው ቫኩም (የአየር መምጠጥ ኃይል) ስለሆነ ፍሳሹ ቱቦዎቹ ላይ ይፈለግ፤ በዚያው ሲስተም የሚሠሩት የበር መቆለፊያዎችም ይታዩ።

ጎማው ምንም ያህል ጥርስ ቢኖረው ዕድሜው ይነበብ፦ ጎኑ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች 3514 ከሆኑ በ2014 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል። አሥር ዓመት ያለፈው ይጣል። ኤርኮንዲሽነሩ የማይቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት አር 12 ጋዝ ነበር የሚጠቀሙት። ወደ አር 134 ኤ ሲቀየር ኦሪንጎቹ (የመጋጠሚያዎቹ ክብ ጎሚኒዎች)፣ እርጥበት መምጠጫውና የኮምፕረሰሩ ዘይት አብረው ይቀየሩ፤ አዲሱ ጋዝ ብቻ ከተሞላ ከአሮጌው ዘይት ጋር ስለማይዋሃድ ኮምፕረሰሩ ይነክሳል።