ኖርዌይኛና ፈረንሳይኛ፦ አማርኛ ተናጋሪ የት ይፈጥናል፣ የት ይቸገራል

በአዲስ አበባው ሊሴ ገብረማርያም ወይም በጅቡቲ ኑሮው ፈረንሳይኛ ቀምሶ ኦስሎ የገባ ሰው አለ። በእንግሊዝኛው ተማምኖ ሊዮን የገባም አለ። ሁለቱም የሚጠይቁት «የትኛው ይቀላል?» ብለው ነው። ኖርዌይኛ መጽሐፍ ላይ ይቀላል፣ መንገድ ላይ ይከብዳል። ፈረንሳይኛ ሲጽፉት ያደክማል እንጂ አንዴ ጆሮ ከያዘው ከተማ ሲቀይሩ አዲስ አይሆንም። የጥናት ሰዓትዎን መከፋፈል ያለብዎ በዚህ ልክ ነው።

ከግስ እንጀምር። በኖርዌይኛ ግስ በባለቤቱ አይለወጥም። «ነኝ፣ ነህ፣ ነሽ፣ ናት፣ ነን፣ ናቸው» ሁሉም «ኤር» ነው፦ ያይ ኤር፣ ዱ ኤር፣ ሁን ኤር፣ ቪ ኤር። ለአሁን ጊዜ ብዙዎቹ ግሶች መጨረሻቸው ላይ «ር» ብቻ ይጨምራሉ። በፈረንሳይኛ «ፓርሌ» (መናገር) በጽሑፍ 5 የተለያየ ቅርጽ አለው፤ በጆሮ የሚለየው ግን 3 ብቻ ነው፦ ፓርል፣ ፓርሎን፣ ፓርሌ። በዕለት ንግግር ሰዎች «እኛ» ለማለት «ኑ»ን ትተው «ኦን» ስለሚሉ ወደ 2 ይወርዳል። ስለዚህ በአፍ ቶሎ ይግባባሉ፣ ሲጽፉ ግን ስሕተትዎን ጆሮዎ አይነግርዎትም። መድኃኒቱ በየቀኑ 10 ደቂቃ የቃል ጽሕፈት ነው፦ 5 ዓረፍተ ነገር አዳምጦ መጻፍ፣ ከጽሑፉ ጋር ማስተያየት፣ የተሳሳቱትን መጨረሻ ፊደል በቀይ ማረም።

የቃላት ቅደም ተከተል ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ፈረንሳይኛ ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ ብሎ ይሄዳል፤ «ዛሬ» የሚለውን ፊት ቢያስቀምጡትም ቀሪው አይነካም። ኖርዌይኛ ግን በተራ ዋና ዓረፍተ ነገር ግሱን በ2ኛ ቦታ ያቆማል። «ያይ ጎር ፖ ስኩለን» (ትምህርት ቤት እሄዳለሁ) የሚለው፣ «ኢ ዳግ» (ዛሬ) ፊት ሲገባ «ኢ ዳግ ጎር ያይ ፖ ስኩለን» ይሆናል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ስለሚያሳርፍ ይህ ለእኛ ረጅም ልምምድ ይጠይቃል፤ ዓመታት የቆዩ ሰዎችም የሚስቱት እዚሁ ላይ ነው። ነጠላ ዓረፍተ ነገር ከማጥናት ይልቅ «ዛሬ»፣ «ነገ»፣ «ከዚያ» ብለው የሚጀምሩ 10 ዓረፍተ ነገሮችን ጮክ ብሎ መደጋገም ይሻላል።

አማርኛችን የሚያግዝባቸው ቦታዎችም አሉ፣ አስተማሪዎች ስለማያውቋቸው አይነግሩንም። ኖርዌይኛ እንደኛ ቃሉ ጅራት ላይ ይጠቁማል፦ መኪና፣ መኪናው፤ ቢል፣ ቢለን። ጥንቃቄ የሚያሻው ቅጽል ሲገባ ነው። እኛ «ትልቁ መኪና» ስንል ምልክቱ ወደ ቅጽሉ ይዛወራል፤ እነሱ ግን «ደን ስቱረ ቢለን» ብለው ከፊትም ከኋላም ያስቀምጡታል። ፈረንሳይኛ ደግሞ አሉታውን እንደ «አልገባኝም» ግሱን ከሁለት ወገን ይከብበዋል፦ «ዠ ን ኮምፕራን ፓ»። በንግግር «ን» ትወድቃለች፣ «ፓ» ግን ትቀራለች፤ ስለዚህ ሲያዳምጡ «ፓ»ን ይጠብቁ። «ኝ» እና «ዠ» ከቤታችን ስላሉ ፈረንሳይኛው ላይ አይቸግሩም።

ሹፌር፣ ጋራዥ፣ ቢሮ የምንላቸው ቃላት ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው፤ ኖርዌይኛም ሾፎር፣ ጋራሸ፣ ቢሮ ብሎ ወስዷቸዋል። ለገሃርም «ላ ጋር» ነው። ከዚህ ውጭ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ኖርዌይ ሲገባ ትልቁ ትርፉ ድምፅ ነው፦ ከንፈርን ለ«ኡ» አሹሎ «ኢ» የሚባልበትን ድምፅ አስቀድሞ ስለለመደው ለኖርዌይኛ አዲስ ተማሪ አይሆንም። ለዕለታዊ ቃል ግን ለኖርዌይኛ የበለጠ የሚረዳው እንግሊዝኛ ነው።

አሁን ስለሚያሳፍሩት ድምፆች። አማርኛ ውስጥ «ፐ» የገባችው በውጭ ቃል ነው፣ ስለዚህ «ፖሊስ»ን «ቦሊስ» ማለት የተለመደ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ «ፑዋሶን» ዓሣ ነው፣ «ቡዋሶን» መጠጥ። ኖርዌይ ውስጥ «ፓከ» ጥቅል ዕቃ፣ «ባከ» ዳገት። አፍዎ ፊት ወረቀት ይያዙና ይሞክሩት፦ የኖርዌይኛው «ፕ» አየር ስለሚያስወጣ ወረቀቱን ማወዛወዝ አለበት። የፈረንሳይኛው አየር ስለሌለው ወረቀቱ ብዙ አይነቃነቅም። በየትኛውም ግን የ«ጳጳስ»ን «ጵ» አይጠቀሙ።

ማጥበቅና ማላላት ግን የእኛው ሀብት ነው። «ገና»ን (በዓሉን) እና «ገና»ን (እስካሁንን) የምንለየው በማጥበቅ ነው። ኖርዌይኛም «ታክ» ሳይጠብቅና አናባቢው ሲረዝም ጣሪያ፣ ሲጠብቅና አናባቢው ሲያጥር ምስጋና ነው። የእነሱ ጽሑፍ የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ ስለሚጽፈው ማንበቡ ከአማርኛ ይልቅ ይቀላል።

ኖርዌይ ውስጥ ትልቁ ፈተና ቀበልኛ ነው። ትምህርት ቤት «እኔ»ን «ያይ» ብለው ያስተምሩዎታል። በርገን ሲሄዱ «ኤግ» ይሰማሉ፣ ትሮንድሄምና ሰሜኑ ላይ «ኤ»። ማንም ሰው ሐኪም ሆነ ሚኒስትር ቀበልኛውን አይደብቅም፣ በቴሌቪዥንም ይናገርበታል። ጽሑፉም ሁለት ነው፦ ቦክሞልና ኒኖሽክ። በምዕራቡ ክፍል አንዳንድ ኮሙነዎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ኒኖሽክ ስለሚጠቀሙ ኮርስ ሲጀምሩ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ልጆችዎ የሚማሩበትንም ይጠይቁ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በቀን 30 ደቂቃ የሚኖሩበትን አካባቢ የኤንኤርኮ (የኖርዌይ ሕዝባዊ ማሰራጫ) ሬዲዮ ያዳምጡ። ኖርዌጂያኖች ሲንተባተቡ ካዩዎት ለመርዳት ብለው ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ፤ ያኔ «ካን ቪ ስናከ ኖሽክ?» (ኖርዌይኛ እንነጋገር?) ማለት ነውር አይደለም። በብዙ ቤተ መጻሕፍት በነፃ የሚካሄደው «ስፕሮክካፌ» (የቋንቋ መለማመጃ ካፌ) ለዚህ ነው።

ሰዓትና ቁጥር ገንዘብና ቀጠሮ ያስከፍላሉ። በኖርዌይኛ «ሃል ትሬ» ማለት 2፡30 ነው፤ ቃሉ «ግማሽ ሦስት» ስለሆነ ብዙ ሰው 3፡30 ብሎ ያረፍዳል። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ሦስቱ ሲደራረቡ ስሕተት አይቀርም፣ ስለዚህ ቀጠሮ ሲሰጥዎት በአኃዝ ጽፈው መልሰው ያሳዩ። በፈረንሳይኛ «ትሯ ዘር ኤ ድሚ» 3፡30 ነው፣ መደመሩ እንደ «ተኩል» ነው። ፈረንሳይኛ የሚያስቸግረው ከ70 በላይ ነው፦ 70 «ስልሳ-አስር»፣ 80 «አራት-ሃያ»፣ 97 «አራት-ሃያ-አስራ ሰባት» ይባላል። ስልክ ቁጥር በሁለት በሁለት ስለሚነበብ «ስዋሳንት» (60) ሲሰሙ ወዲያው 6 አይጻፉ፤ ተከትሎ የሚመጣው ወደ 7 ሊቀይረው ይችላል። ቤልጅየምና ስዊዘርላንድ ያሉ ወገኖች ለ70 «ሴፕታንት»፣ ለ90 «ኖናንት» ስለሚሉ ይህ አይገጥማቸውም።

ስለ አክብሮት። «እርስዎ» ላደገ ሰው የፈረንሳይኛው «ቩ» ወዲያው ይገባዋል፦ ቢሮ፣ ሱቅ፣ ሐኪም ቤት ሁልጊዜ «ቩ»። ከጥያቄዎ በፊት «ቦንዡር» ይበሉ፣ ከዘለሉት ፊታቸው ይጠቁራል። ኖርዌይ ላይ ግን ሐኪምንም መምህርንም በስማቸው ጠርተው «ዱ» ይላሉ። መጀመሪያ አካባቢ ባለጌነት ሊመስልዎ ይችላል፣ ግን አይደለም። አክብሮቱን የሚሸከመው «ታክ» ነው፦ ከምግብ በኋላ «ታክ ፎር ማተን»፣ ከተገናኛችሁ በኋላ ዳግም ስትገናኙ «ታክ ፎር ሲስት»።

ፈተናውም ሌላ ልዩነት ነው። በኖርዌይ ለዜግነት ከ2022 ጥቅምት (ኦክቶበር) 1 ጀምሮ የሚጠየቀው የቃል ቢ1 ነው (በአውሮፓው የቋንቋ መለኪያ ደረጃው ከኤ1 ጀምሮ እስከ ሲ2 ከፍ ይላል)። በፈረንሳይ ከ2026 ጥር (ጃንዋሪ) 1 ጀምሮ ለብዙ ዓመት የመኖሪያ ካርድ ኤ2፣ ለ10 ዓመቱ ካርድ ቢ1፣ ለዜግነት ደግሞ የቃልም የጽሑፍም ቢ2 ነው። በስደተኝነት እውቅና ያገኘ ሰው የ10 ዓመቱን ካርድ ያለ ቋንቋ ፈተና ያገኛል፤ ዜግነት ሲጠይቅ ግን ቋንቋው ይጠበቅበታል። ስለዚህ ፈረንሳይ ያለ ሰው የቃል ጽሕፈቱን ከመጀመሪያው ዓመት ይጀምር፤ ኖርዌይ ያለ ሰው ደግሞ ለዜግነቱ ቃል ቢበቃውም፣ ለከፍተኛ ትምህርትና ለብዙ የሥራ ቦታ የማንበብና የመጻፍ ውጤቱንም ስለሚያዩ አራቱንም ክፍል አብሮ ይፈተን።