ቀያሽ ለነበራችሁና አሜሪካ ለመጣችሁ፦ የሰርቬየር ላይሰንስ እንዴት ይወጣል?

አገር ቤት የመንገድ ቀያሽ ነበርኩ። አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ በራሴ ማኅተም የምሠራ የመሬት ሰርቬየር ነኝ። አዲስ የመጡ የሙያ ልጆች ሲደውሉልኝ የሚጠይቁኝ ስለ ፈተናው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምነግራቸው ስለ ሥራ ልምድ ነው። ላይሰንስ ባለው ሰርቬየር ሥር ያልተሠራና በፊርማው ያልተረጋገጠ ልምድ ላይሰንሱን በሚሰጠው ቦርድ ፊት ብዙ አያራምድም።

ላይሰንሱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ቦርድ ነው። የቨርጂኒያው ሜሪላንድ ላይ አያሠራም። መንገዱ ግን ይመሳሰላል፦ ትምህርት፣ ኤፍኤስ የሚባለው መሠረታዊ ፈተና፣ የሥራ ልምድ፣ ፒኤስ የሚባለው የባለሙያ ፈተና፣ ከዚያ የስቴቱ የራሱ ፈተና። የሰርቬይንግ ዲግሪ ላለው ሰው ብዙ ስቴቶች 4 ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ። ዲግሪው በሌላ ዘርፍ ከሆነ ዓመቱ ሊረዝም ይችላል። ቨርጂኒያን ጨምሮ ያለ ዲግሪ፣ በረጅም ልምድ የሚያስገቡም አሉ። ስለዚህ ዲግሪ የለኝም ብላችሁ አትተዉት።

የኢትዮጵያ ዲግሪን የሚገመግመው ፈተናዎቹን የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ኤንሲኢኢኤስ ነው። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ መላክ አለበት፤ እጃችሁ ላይ ያለው ኮፒ አይበቃም። የየኮርሱ ይዘት መግለጫም ይፈለጋል። ገና አገር ቤት ያላችሁ፣ ሬጅስትራር ቢሮ በእግራችሁ መሄድ በምትችሉበት ጊዜ ይህን ጨርሱ። እዚህ ሆኖ በዘመድ ማስጨረስ አንጀት ያሳርራል።

የመጀመሪያው ሥራችሁ ፕሪዝም (የመሣሪያውን ጨረር የሚመልሰውን መስታወት) መያዝና ችካል መምታት ሊሆን ይችላል። አገር ቤት ቡድን ሲመራ ለነበረ ሰው ይከብዳል። ቢሆንም ግቡበት። መሣሪያው ያው የምታውቁት፣ ማዕዘንና ርቀት የሚለካው ቶታል ስቴሽንና ጂፒኤስ ነው። ልኬቱ ግን በጫማ ነው፤ ያውም ጫማው በኢንች ሳይሆን በአሥረኛ የተከፈለ። እሱን ቶሎ ትለምዱታላችሁ። ቦርዱ የሚያየው ግን ኃላፊነታችሁ እያደገ መሄዱን ነው። ዓመት ሙሉ ፕሪዝም ብቻ ይዞ መቆም የትም አያደርሳችሁም። ዝናብ መስክ ሲያስቀር አለቃችሁን “መዝገብ ቤት ላከኝ” በሉት። ቨርጂኒያ ውስጥ የመሬት ውሎች የሚቀመጡት በየካውንቲው ሰርኪት ፍርድ ቤት ነው። ሙያውን የምትማሩት እዚያ ነው።

ለምን? እኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እኔ የማውቀው ቅየሳ ፕላኑ ላይ ያለውን ኮኦርዲኔት (የነጥቡን ቦታ የሚያሳየውን ቁጥር) መሬት ላይ ማውረድ ነበር። እዚህ የወሰን ቀያሽ ማስረጃ መዛኝ ነው። አንድ ውል “200 ጫማ ሄዶ ብረቱ ጋ ይደርሳል” ይላል እንበል። እናንተ ስትለኩ 198.6 ሆነ። ብረቱ ያኔ የተተከለው ራሱ መሆኑ ከተረጋገጠ ብረቱ ይጸናል፣ ቁጥሩ ይወድቃል። በጥቅሉ የሚቀድመው እንደ ወንዝና ዛፍ ያለ የተፈጥሮ ምልክት ነው። ሰው የተከለው ድንጋይ ወይም ብረት ይከተላል። ከዚያ አቅጣጫና ርቀት ይመጣሉ፤ ስፋት መጨረሻ ነው። መሣሪያውን አምኖ ላደገ ቀያሽ ይህን መዋጥ ጊዜ ይወስዳል።

ግን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። የገበሬ የይዞታ ደብተር ላይ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ ተብሎ አዋሳኝ ይጻፍ የለ? የድሮ የቨርጂኒያ ውሎችም የጎረቤት ስም፣ ዛፍና ጅረት ይጠራሉ። ርቀቱን ብዙ ጊዜ በፖል ይጽፉታል፤ አንድ ፖል 16.5 ጫማ ነው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በመሬት አስተዳደር የተመረቃችሁ፣ የወሰንና የይዞታ ሕግ ማጥናታችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል።

የሠራችሁትን በየሳምንቱ መዝግቡ። ቀኑን፣ የሥራውን ዓይነት፣ እናንተ በእጃችሁ የሠራችሁትን፣ የተቆጣጣሪውን ስምና የላይሰንስ ቁጥር ጻፉ። መሥሪያ ቤት ስትቀይሩ ሳታስፈርሙ አትውጡ። አለቃው ጡረታ ይወጣል፣ ኩባንያው ይሸጣል፤ ያኔ የሚፈርም ሰው ፍለጋ መንከራተት ይመጣል።

ኤፍኤስን ስቴታችሁ ከፈቀደ በጊዜ ተፈተኑት፣ ሒሳቡ ከጭንቅላታችሁ ሳይጠፋ። 110 ጥያቄ ነው፤ ከነዕረፍቱ 6 ሰዓት ይወስዳል። ፒርሰን ቪዩ በሚባል የፈተና ማዕከል ውስጥ በኮምፒውተር ይሰጣል። ማጣቀሻው ስክሪኑ ላይ አለ፣ ከቤት መጽሐፍ ይዞ መግባት አይቻልም። ካልኩሌተሩም ከተፈቀዱት መሆን አለበት፤ ካሲዮ ኤፍኤክስ-115 ወይም ቲአይ-36ኤክስ ይበቃል። ገና ስታጠኑ በዚያው ተለማመዱ።

ፒኤስ 100 ጥያቄ ነው። እዚህ ሒሳብ ብቻውን አያሻግርም፣ ሕግና ሙያዊ ውሳኔ ይበዛል። መዝገብ ቤት ያሳለፋችሁት ጊዜ የሚከፍላችሁ ያኔ ነው። የስቴቱን ፈተና ደግሞ የቦርዱን ደንብ ራሱን አንብባችሁ ግቡ፤ የሰው ማስታወሻ አትመኑ። ቨርጂኒያ ላይ ላይሰንሱ በየ2 ዓመቱ ይታደሳል፣ ለዚያም 16 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ያስፈልጋል። ሰርተፊኬቶቹን አትጣሉ፣ ቦርዱ ሊጠይቃችሁ ይችላል።