የጅማ ጓሮ ሲያኮርፍ፦ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ላይ የጣልከው ሁሉ ይበቅላል ይባላል። እውነት ነው። ችግሩ አረሙም፣ ሻጋታውም፣ ትሉም አብሮ መብቀሉ ነው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድበት ከተማ ነውና። እኔ መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቅጠል በጠወለገ ቁጥር መድኃኒት ልገዛ እሮጥ ነበር። ገንዘቤን ከጨረስኩ በኋላ ነው አብዛኛው ጥፋት የውሃ ጣጣ ወይም የራሴ እጅ ሥራ መሆኑ የገባኝ። እስቲ ከምልክቱ እንነሳ።

ችግኙ ጠዋት ከአንገቱ ተቆርጦ ተጋድሟል

ዶሮ አይደለችም፤ የጎረቤትን ዶሮ በከንቱ አትውቀሱ። ቆራጭ ትል ነው። ማታ ይበላል፣ ቀን አፈር ውስጥ ይተኛል። በተቆረጠው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን በጣት ጫር ጫር አድርጉት። ግራጫ፣ ወፈር ያለ፣ ሲነካ እንደ ቀለበት የሚጠቀለል ትል ታገኛላችሁ። እሱን ለዶሮዋ ስጧት፤ ለስም ማጥፋቱ ካሳ ይሆናል። ለቀሪዎቹ ችግኞች የውሃ ፕላስቲክ በቀለበት ቀለበት ቆርጣችሁ ዙሪያቸውን አልብሱ። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይግባ።

ጓሮው በሙሉ ገረጣ፣ እድገቱም ቆመ

ይሄ የኔ ውርደት ነው። ከቡና መፈልፈያ ቤት የጀንፈል ገለፈት፣ ማለትም የደረቀ ቡና ቅርፊት፣ በነጻ አገኘሁ። ስድስት ጆንያ! ደስ ብሎኝ በቀጥታ መደቡ ላይ ገለበጥኩና ከአፈሩ ጋር ቆፈርኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጎመኑ እንደ ታመመ ሰው ፊት ቢጫ ሆነ። ማዳበሪያ የሰጠሁት መስሎኝ ረሃብ ነው የሰጠሁት።

በአጥር በኩል ሲያዩኝ የነበሩ ሽማግሌ ጎረቤቴ ሳቁ። «ልጄ፣ ገለፈት እኮ በጥሬው አይበላም።»

ምክንያቱ እሳቸው እንዳሉት ነው። ገለፈቱን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ለሥራቸው ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፤ ከአፈሩ ይወስዱታል፤ ለጎመኑ አይተርፍም። መፍትሄው ገለፈቱን ጥግ ላይ ከምሮ ከከብት ፍግና ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር ማደባለቅ፣ በየሁለት ሳምንቱ ማገላበጥ፣ እርጥበቱን መጠበቅ ነው። ቢያንስ ሦስት ወር ይፈልጋል። እጅ ሲያስገቡበት ሙቀቱ ከጠፋና የጫካ አፈር የሚሸት ከሆነ ደርሷል። የቸኮለ ሰው ጥሬውን ከላይ ስስ አድርጎ ይጎዝጉዘው እንጂ ከአፈር ጋር አይቀላቅለው። የገረጣውን ጎመን በውሃ የተዘፈዘፈ ፍግ አጥልዬ፣ አቅጥኜ ሥሩ ሥሩን አጠጣሁት። አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ ያየሁበት ጠዋት አይረሳኝም።

ቲማቲሙ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት ጠወለገ

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ ውሃ አትጨምሩ። ግንዱን ከሥሩ አካባቢ ቁረጡና ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር ቀስ ብሎ ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ ነው፤ «አጠውልግ» የሚባለው በሽታ።

መድኃኒት የለውም። ማንም ቢሸጥላችሁ አትግዙ። ተክሉን ከነሥሩ ንቀሉና አቃጥሉት፤ ኮምፖስት ውስጥ እንዳይገባ። መቆፈሪያውን እጠቡ። በዚያ መደብ ላይ ለተወሰኑ ዓመታት ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን አይተከልም፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በቆሎ ወይም ጎመን ይተካ።

ቅጠሉ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ጠቃጠቆ አወጣ፣ በሳምንት ውስጥ ሁሉም ነደደ

ጠዋት የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩ። በጠቃጠቆው ዳር ነጭ ሻጋታ ካለ ቲማቲምና ድንችን በክረምት የሚጨርሰው በሽታ ነው። ብርድና እርጥበት ይወዳል፤ የጅማ ሐምሌ ደግሞ ለሱ ሠርግ ነው። የተያዘውን ቅጠል በደረቅ ሰዓት ልቀሙ፣ ተክሉን በእንጨት አቁሙ፣ ውሃ ከላይ አታርከፍክፉ። እኔ ግን በክረምት ቲማቲም መትከሉን ትቼዋለሁ። መስከረም መጨረሻ ላይ ተክዬ ሥር ሥሩን እያጠጣሁ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እለቅማለሁ። ፀሐይ ያሞቀውን ቲማቲም እዚያው ቆሜ በጨው ስበላ የክረምቱ ብስጭት ሁሉ ይረሳኛል።

የቲማቲሙ መቀመጫ ጠቆረ

በሽታ አይደለም። ውሃው አንዴ ሲበዛ አንዴ ሲጠፋ ካልሲየም ፍሬው ጋ አይደርስም። ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ውሃውን በመጠንና በሰዓቱ አድርጉ። የጅማ ቀይ አፈር አሲድነት ስላለው ትንሽ የምድጃ አመድ አይጎዳም። ትንሽ ነው ያልኩት።

ጎመን ላይ ክሽክሽ

ክሽክሽ የቅጠሉን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ነው። ሲጀምር በጣት ይጨፍለቅ። ከበዛ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማምሻ ላይ የቅጠሉን ጀርባ እርጩ። በማግስቱ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።

በቆሎው ሊደርስ ሲል ተዘረፈ

ጦጣ። ማስፈራሪያ አቆምኩ፤ ሁለት ቀን ፈሩት፣ በሦስተኛው ትከሻው ላይ ተቀምጠው በሉ። ቆርቆሮ አንጠለጠልኩ፤ እኔን እንቅልፍ ነሳኝ። አሁን በዚያ በኩል ሚጥሚጣ ተክያለሁ፣ እሱን እስካሁን አልነኩብኝም። እሸት ሲያምረኝ ከሂርማታ ገበያ እገዛለሁ።