ባይፓስ የተሠራለት እግር ሌሊት ሲያም፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የእግር ባይፓስ (ደሙ የተዘጋውን ደም ሥር ዞሮ እንዲያልፍ የሚቀጠል መተላለፊያ) ተሠርቶላችሁ ለወራት ደህና ስትራመዱ ቆይታችሁ፣ አሁን ሌሊት ላይ ጣታችሁን የሚያቃጥል ሕመም ከእንቅልፍ እየቀሰቀሳችሁ ከሆነ፣ እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ አትጠብቁ። የተቀጠለው ደም ሥር እየጠበበ ሊሆን ይችላል። ጠቦም ቢሆን ደም እያሳለፈ ሳለ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ጭራሽ ከተዘጋ በኋላ ግን ማዳኑ በጣም ይከብዳል።

ስተኛ ያመኛል፣ እግሬን ሳወርድ ይሻለኛል

ደም ባለመድረሱ የሚመጣ የዕረፍት ሕመም የሚሰማው በአብዛኛው ጣቶችና የእግር መዳፍ ላይ ነው። ቆማችሁ ሳለ የመሬት ስበት ደሙን ወደ ታች ያግዘዋል፤ ስትጋደሙ ያ እገዛ ይቀራል። ለዚህ ነው ሰው ሳያስበው እግሩን ከአልጋው ጠርዝ የሚያንጠለጥለው፣ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያነጋው። ቤታችሁ ውስጥ ባይፓስ የተሠራለት ሰው እንዲህ እያደረ ከሆነ ረጋ ብላችሁ ጠይቁት፤ ብዙዎች «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላሉ እንጂ እግሬን አመመኝ አይሉም።

አንድ ነገር ሞክሩ። በጀርባችሁ ተኝታችሁ ሁለቱንም እግር ለአንድ ደቂቃ ያህል ከፍ አድርጉና የውስጥ እግራችሁን ሰው ይይላችሁ። የታመመው ከሌላው ይልቅ ከገረጣ፣ ቁጭ ብላችሁ ስታወርዱት ደግሞ ቀስ በቀስ ደም ከመሰለ፣ ደም በቅጡ እየደረሰ አይደለም። መቅላቱ እንዳያታልላችሁ።

ሁለቱም እግር እኩል የሚያቃጥልና ሞቅ ያለ ከሆነ፣ ማንጠልጠሉም ምንም ካልረዳ፣ የነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ስኳር ካለባችሁ። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ ግን በግምት አትለዩት።

ለምን ጠበበ?

ከቀዶ ጥገናው ስንት ጊዜ ሆነው? መልሱ ምክንያቱን ይጠቁማል። በመጀመሪያው ወር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከአሠራሩ ነው፦ የተጣመመ ወይም የታጠፈ ቱቦ፣ ያልተስተካከለ ስፌት። ከዚያ እስከ 2 ዓመት ድረስ ባለው ጊዜ ዋናው ጠላት በደም ሥሩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ፣ በተለይ ስፌቱ አካባቢ፣ የሚበቅለው ጠባሳ መሰል ሥጋ ነው። ከ2 ዓመት በኋላ ደግሞ ያው የድሮው በሽታ ይመለሳል፤ ከባይፓሱ በላይና በታች ባለው ደም ቅዳ ውስጥ ስብ ይጋገራል። ሲጋራ ይህን ሁሉ ያፋጥናል።

ምርመራው

መጀመሪያ የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ለክንድ የደም ግፊት ይካፈላል። ውጤቱ ጤነኛ ሰው ላይ 1 አካባቢ ነው፤ ከ0.4 በታች ከባድ ነው። ከባለፈው ልኬት በ0.15 መውረዱም ያሳስባል፤ ስለዚህ የድሮውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ደም ሥርን ስለሚያደነድን ቁጥሩ በሐሰት ጥሩ ሊመስል ይችላል፤ ያኔ የእግር ጣት ግፊት ይለካ በሉ። ቀጥሎ የዶፕለር አልትራሳውንድ (የደሙን ፍሰት በድምፅ ሞገድ የሚያይ ምርመራ) የጠበበውን ቦታ ያሳያል። የደሙ ፍጥነት እዚያ ቦታ ላይ በሴኮንድ ከ300 ሴንቲሜትር ካለፈ ጥበቱ ከባድ ነው። ባይፓሱ ላይ ትርታ መሰማቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

መፍትሄው

አጭር ጥበት ብዙውን ጊዜ በባሉን፣ ማለትም ደም ሥሩ ውስጥ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ፣ ይከፈታል፤ አንዳንዴ ስቴንት፣ ማለትም ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ፣ ይገባል። ረጅም ከሆነ ወይም ደጋግሞ ከተመለሰ ሐኪሙ ከፍቶ በደም መልስ ቁራጭ ያሰፋዋል፣ የተበላሸውን ይቀይራል፣ አለዚያም አዲስ ባይፓስ ይሠራል። አስፒሪንና ስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) ታዘውላችሁ ከሆነ ራሳችሁ አታቋርጡ። ሌላ የደም ማቅጠኛም በግምት አትጨምሩ።

እስከዚያው እግሩን በትራስ ከፍ አታድርጉት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለእብጠቱ ከፍ አድርጉ ተብላችሁ ይሆናል፤ ይህን ሕመም ግን ያባብሰዋል። ሙቅ ውሃም አታስነኩት፤ ደም ያጣ ቆዳ ሳይታወቃችሁ ይቃጠላል።

ይህ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ውጡ

እግሩ በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ከደነዘዘ ወይም ጣት ማንቀሳቀስ ካቃተ ባይፓሱ ተዘግቶ ይሆናል። ጥቂት ሰዓታት እግሩን ሊያሳጡ ይችላሉ። ድንገተኛ ክፍል እንደደረሳችሁ ባይፓሱ የትኛው እግር ላይ መቼ እንደተሠራ፣ ከራሳችሁ ደም ሥር ይሁን ከሰው ሠራሽ ቱቦ፣ የደም ማቅጠኛ ትወስዱ እንደሆነና ሕመሙ ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረ ንገሯቸው።