ሁለተኛው ዙር ለምን በለጠ?

ወደ ጉማራ ወንዝ በምትገባ ጅረት 50 ሜትር ለክቼ፣ ብዛታቸውን ለመገመት ዓሦቹን በኤሌክትሪክ እያደነዘዝኩ፣ የያዝኳቸውንም በባልዲ እያቆየሁ ሦስት ዙር ያዝኩ። በየዙሩ መቀነስ የነበረበት ቁጥር 14፣ 19፣ 11 ሆነብኝ። በዚህ ጠቅላላ ብዛት መገመት ዘበት ነው። መሣሪያውን ጠርጥሬ ባትሪ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ጥፋቱ የእኔው ነበር፦ ሁለቱን ጫፎች በመረብ ዘግቻለሁ ብልም፣ የታችኛው መረብ እግር ድንጋዮቹ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። እጄን ሰድጄ ስዳስስ ጣቶቼ በሥሩ አለፉ። ጋራ የሚባለው ዓሣ (ተራራውን ማለቴ አይደለም) ሆዱን ከድንጋይ አጣብቆ የሚኖር ነውና፣ ይህ ለእርሱ ከውጭ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰፊ በር ነው።

የመረቡን እግር ዳር እስከ ዳር በድንጋይ ተጫንኩት። ከታች ወደ ላይ ብቻ ሄድኩ፤ በየዙሩ መሐል ድፍርሱ እስኪጠራ ጠበቅሁ። 31፣ 12፣ 5። ከቅናሹ ተነሥቶ የጠቅላላ ብዛቱ ግምት 51 ገደማ። በባልዲ ያቆየኋቸውንም መልሼ ለቀቅሁ።